የሚደማ ድድ የእርጅና ዕጣ አይደለም

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስድሳን የተሻገራችሁ፣ ሰባን የያዛችሁ፣ ሰማንያን የተጠጋችሁ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጠዋት ስትጉመጠመጡ ምራቃችሁ ቀልቶ ከወጣ፣ ቆሎው ቀርቶ ዳቦ ስትገምጡ ደም ካያችሁ፣ ጥርሳችሁ ከወትሮው ረዝሞ ከታያችሁ፣ በምላሳችሁ ስትገፉት ከተነቃነቀ፣ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላችሁ አትለፉት። ዕድሜ ብቻውን ድድ አያደማም። ድድ የሚያደማው በሽታ ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ አፍ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም።

በእድር ድንኳን ስንቀመጥ፣ በሰንበቴ ስንገናኝ፣ ከመስጊድ ደጅ ስንቆም የምናወራውን አውቀዋለሁ። የአንዱ ስኳር፣ የሌላው ግፊት፣ የሌላዋ ጉልበት። ስለ ድዱ የሚያወራ ግን የለም። ነውር አድርገነዋል፤ አፉ ይሸታል እንዳንባል ፈርተን በነጠላ ጫፍ፣ በጋቢ ጫፍ እንሸፍነዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን እያወቅን በዚህ በአንዱ ግን ሁላችንም ደባቂዎች ሆነናል። የሥራ ዘመኔ በጤና ጣቢያ ያለፈ ሰው ነኝና ምን እንደምንደብቅ ልንገራችሁ።

ጥርስ በጸዳ በሰዓታት ውስጥ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ተሰብስበው ስስ ልባስ ይሠሩበታል። ይህ ልባስ በየቀኑ ካልተጠረገ ይወፍራል፤ ከምራቅ የሚመጣ ማዕድን ሲገባበት ደግሞ ይጠጥራል፤ ያን ጊዜ መፋቂያም ቡሩሽም አያነሣውም። ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ይህ እንዲደርስ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎዬ የተባሉ ኖርዌያዊ የጥርስ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። አብዛኞቹ ገና ትምህርት የጀመሩ ወጣት የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን ሲቀጥሉ በሳምንት ገደማ ድዳቸው ዳነ። እንግዲህ የሃያ ዓመት ጎረምሳን በሦስት ሳምንት የሚያደማ ነገር እርጅና ሊባል አይችልም።

በዚህ ደረጃ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ቁጣው ወደ ሥር ሲወርድ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል፤ ኪሱ ውስጥ መግል ይቋጥራል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንትም ቀስ በቀስ ይበላል። ይህ የተበላ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይሞላም። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያምም፤ ባለማመሙም ነው ሰው የሚዘናጋው።

«አባቴ ቡሩሽ የሚባል ሳያውቅ በሙሉ ጥርሱ ነው የሞተው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አላስተባብልም። እኚያው ሎዬ በስሪላንካ የሻይ ልማት የሚሠሩ 480 ወንዶችን እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1985 ተከታትለዋቸዋል። ሰዎቹ ጥርሳቸውን አያጸዱም፣ የጥርስ ሐኪምም አይተው አያውቁም ነበር። 8 በመቶው ጥርሳቸውን በፍጥነት እያጡ ሄዱ፤ 81 በመቶው በመካከለኛ ፍጥነት ተጎዱ፤ 11 በመቶው ግን ድዳቸው ከመቆጣት አላለፈም። አባታችሁ ከእነዚህ ከመቶ አሥራ አንዱ ነበሩ ማለት ነው። እናንተ ከእነርሱ ወገን መሆናችሁን ሳታዩ ሳትመረመሩ በምን ታውቃላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ጠንካራው የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ አስታውቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሽታው በብዙ ጥርሶች ዙሪያ ሲስፋፋ፣ የተቆጣው የድድ ገጽ ቢለካ ከ8 እስከ 20 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር እንደሚደርስ ተሰልቷል። የክብሪት ቀፎ ፊት የሚያህል ክፍት ቁስል ማለት ነው። ይህን የሚያህል የሚመግል ቁስል ክንዳችሁ ላይ ቢወጣ ሳታሳዩት አንድ ሳምንት አትቆዩም። አፋችሁ ውስጥ በየጥርሱ ሥር ተከፋፍሎ ስለተሸሸገ ግን አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ይዛችሁት ትኖራላችሁ።

ሰውነት ግን አይዘነጋውም። ስታኝኩና ጥርሳችሁን ስትፍቁ ከቁስሉ የሚነሡ ተሕዋስያን ወደ ደም ይገባሉ። ከእነርሱ በላይ ደግሞ፣ ድዱ ጠላቱን ሲዋጋ የሚያመነጫቸው እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገሮች በደም ተሳፍረው ጉበት ይደርሳሉ። ጉበትም ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን ያመርታል። ላቦራቶሪ ስትሄዱ ሰውነታችሁ ውስጥ ቁጣ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከሚለኩላችሁ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለአጭር ሕመም ይህ መልካም ነው፤ ሰውነት ታግሎ ያሸንፍና ያርፋል። የድድ ቁስል ግን አይዘጋምና ሰውነቱ አያርፍም። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ሰውነት ያለ ሌላ ምክንያትም እንኳ ከወጣትነቱ ይልቅ በትንሽ በትንሹ የተቆጣ ነው። በዚያ ላይ ይህን መጨመር የደም ሥራችንንም ኢንሱሊናችንንም ይጎዳል።

ስኳር ያለባችሁ፣ ከሁሉ በፊት እናንተ ስሙኝ። በእናንተ ዘንድ ነገሩ ወዲያና ወዲህ የሚሠራ ነው። ስኳራችሁ ከፍ ሲል ተሕዋስያኑን የሚመክተው ኃይል ይዳከማል፤ ቁስልም ቶሎ አይሽርም፤ ስለዚህ ድዱ ይብሳል። ድዱ ሲቆጣ ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ስኳሩም ይወጣል። መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ፣ ጣፋጭ ሳትቀምሱ፣ እንጀራውን ቀንሳችሁ ሳለ ቁጥሩ አልወርድ ካለ፣ አንዱ ምክንያት አፋችሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሎዬ እ.ኤ.አ. በ1993 የድድ በሽታን የስኳር በሽታ ስድስተኛው መዘዝ ብለው ጻፉ፤ ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭ፣ የደም ሥር፣ ቶሎ የማይሽር ቁስል፣ ስድስተኛው ድድ።

ድዱ ሲታከም ስኳሩ ይወርዳልን? ብዙ ጥናቶችን የመዘነ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳወቀው፣ ድዳቸው በሚገባ የጸዳላቸው የስኳር ሕሙማን የሦስት ወር የስኳር ምርመራቸው ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በ0.43 ነጥብ ወርዷል። ከዚያ በፊት በ2018 በለንደን 264 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፣ ጥልቅ ሕክምና ያገኙት ከዓመት በኋላ ውጤታቸው ከሌሎቹ በ0.6 ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ለውጥ እንዳላገኘም መናገር አለብኝ፤ የተቹት ሐኪሞች ግን የሕሙማኑ ድድ እስኪድን ድረስ አልጸዳም ብለዋል። እኔ ማስረጃው ሲደመር ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ግማሽ ነጥብ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ እግሩን ላለማጣት ለሚታገል የስኳር በሽተኛ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ልብ የምናገረው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሄልሲንኪ፣ የልብ ድካም ድንገት የመታቸውን ሕሙማን ከሌሎች ጋር ያነጻጸሩ የፊንላንድ ሐኪሞች የሕሙማኑ አፍ በይበልጥ የተበላሸ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር በብዙ አገር ታይቷል። ሆኖም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱም ልቡም ይጎዳል፤ ስኳር ያለበትም እንዲሁ፤ ድሃም እንዲሁ። ስለዚህ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 ማስረጃውን መርምሮ፣ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን በሌሎቹ ምክንያቶች ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል፣ ነገር ግን የድድ በሽታ የልብ በሽታን እንደሚያመጣ ወይም ድድን ማከም የልብ ድካምን እንደሚከላከል እንዳልተረጋገጠ አስታወቀ። ይህ የታማኝ ሰው አነጋገር ነው፤ እኔም ከዚህ አላልፍም።

የደም ሥር ጉዳይ ግን በዐይን የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የለንደን ጥናት ጠንካራ የድድ በሽታ ያለባቸውን 120 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በጥልቀት አከመ። በማግሥቱ ሲለኩ የታከሙት የደም ሥሮቻቸው የመለጠጥ ኃይል ቀንሶ፣ በደማቸውም ያለው ቁጣ ጨምሮ ተገኘ። በስድስት ወር ግን የደም ሥሮቻቸው ካልታከሙት በግልጽ ተሽለው ታዩ። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ድድና የደም ሥር በእርግጥ ይገናኛሉ። ሁለተኛው፣ ድዳችሁ በጥልቀት በጸዳ ማግሥት ትኩሳት ቢጤ ወይም ድካም ቢሰማችሁ አትደንግጡ፤ ልባችሁ የታመመ ከሆነ ግን ሐኪሙ ቀድሞ ያውቅ፣ ሥራውም በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ይከፋፈል እንደሆነ ጠይቁት።

እዚህ ላይ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ሰምቶ «ሁሉንም ንቀሉልኝና ልረፍ» የሚል ይኖራል። ይህ ስሕተት ከአሁን በፊት በብዙ ሕይወት ላይ ተሠርቷል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሰውነት በሽታ ሁሉ ምንጩ ጥርስ ነው የሚል እምነት በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። በኒው ጀርሲ ትሬንተን ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሄንሪ ኮተን የተባሉ ሐኪም እብደትን እፈውሳለሁ ብለው የሕሙማናቸውን ጥርስ በሺህ የሚቆጠር ነቀሉ፤ አልፈው አንጀት እስከመቁረጥ ደረሱ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ሊድን የሚችል ጥርስ መንቀል ሕክምና አይደለም። የመርሳት በሽታንም በሚመለከት እንዲሁ ልከኛ ሁኑ። የድድ በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በመርሳት በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ተጽፏል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የተሞከረው መድኃኒት ግን በ2021 ዓላማውን ሳይመታ ቀርቷል። መርሳትን የሚከላከል የአፍ ማጠቢያ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ሳንባን የሚመለከተው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሽማግሌ ሲተኛ ምራቁ ወደ ሳንባው ሊሾልክ ይችላል፤ አፉ ውስጥ ያለው ተሕዋስም አብሮ ይወርዳል። በጃፓን የአረጋውያን መኖሪያዎች ከየምግቡ በኋላ ጥርሳቸውና ድዳቸው የጸዳላቸው አረጋውያን የሳንባ ምች እንደቀነሰላቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በዚያው አገር፣ በአብዛኛው 85 ዓመት ያለፋቸውን 524 አረጋውያን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

በሽታውን ከዓይን የሚሰውሩ ነገሮችም አሉ። በሰሜኑ አገራችን ብዙ እህቶቻችን በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ለውበት ነው፤ ለሚደማ ድድም ይበጃል ተብሎ የተደረገላቸው አሉ። የንቅሳቱ ጥቁረት መቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይነካም። ስለዚህ ተነቃሽ የሆናችሁ ቀለሙን ትታችሁ እብጠቱን፣ ደሙንና ሽታውን ተመልከቱ። ሲጋራ አጫሾችም ድዳቸው ብዙ አይደማም፤ ጭሱ የድዱን የደም ሥር ስለሚያጠብበው ነው። አጥንቱ ግን ከማያጨሰው ሰው ይልቅ በፍጥነት ይበላል፤ ሲጋራ ሲያቆሙ ድዱ መድማት ቢጀምር አይግረማችሁ።

ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን የምትወስዱ፣ ለሚጥል በሽታም ፌኒቶይን የምትወስዱ፣ ድዳችሁ አብጦ ጥርሱን ሊሸፍን ከጀመረ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ የግፊት መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከድዱ ይከፋል። ላዘዘላችሁ ሐኪም አሳዩት፤ ሌላ ሊቀይርላችሁ ይችላል። አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት የምትወስዱም ቶሎ ቶሎ ውኃ ተጎንጩ፤ ምራቅ ሲጎድል ተሕዋስያኑ ይበዛሉ።

አሁን ምን እናድርግ? የወይራ መፋቂያ የምትጠቀሙ አትተዉት፤ መልካም ነው። ጫፉን በደንብ አለስልሱት፤ በውስጥ በኩልና በመንጋጋ ጥርስ ጀርባ ግን አይደርስምና ለዚያ ለስላሳ ቡሩሽ ጨምሩ፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ደግሞ የጥርስ ክር ወይም ትንንሽ የመሐል ቡሩሽ። ሲደማ ፈርታችሁ አታቁሙ፤ የሚደማው ስላልጸዳ ነውና በርጋታ ቀጥሉ። ጾመኞች የሆናችሁ፣ ጠዋት አፋችሁን ሳትነኩ የምትውሉ ከሆነ፣ የማታውን ማጽዳት በምንም አታሳልፉት። የጨው ውኃ ያስታግሣል፣ ቅርንፉድም ያደነዝዛል፤ የጠጠረውን ግን አያነሡም። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም እንዲሁ፤ ምንጩ ሥር ተቀምጦ ሳለ ኪኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል፤ መድኃኒቱም በሌላ ቀን ስንፈልገው እንዳይሠራልን እናስለምደዋለን።

የጠጠረውን የሚያነሣው የጥርስ ሐኪም ነው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ያሳሳል» የሚለው ወሬ ብዙዎቻችንን አስቀርቶናል። የሚሆነው ይህ ነው፦ ከጥርሱ ሥር የተከመረው ድንጋይ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ሞልቶት ይቆያል፤ የተበላውን አጥንትም ይሸሽጋል። ሲነሣ እብጠቱ ይወርዳል፣ ክፍተቱ ይገለጣል፣ ጥርሱም መነቃነቁ ይታወቃል። ያነቃነቀው በሽታው ነው፤ ማጽዳቱ ያጋለጠው እንጂ ያመጣው አይደለም። ለጥቂት ሳምንት ቀዝቃዛ ነገር ጥርሳችሁን ቢቆረጥማችሁም ያልፋል። የምትሄዱበት ሐኪም የኪሱን ጥልቀት በመለኪያ እንዲለካ፣ ካስፈለገም ራጅ እንዲያነሣ ጠይቁ፤ ከላይ ከላይ አንጸባርቆ መሸኘት በቂ አይደለም።

የሐኪሙ መቀመጫ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ያለባችሁን ሁሉ ንገሩ፤ የስኳራችሁን የመጨረሻ ቁጥር፣ የምትውጡትን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ከሆነ በተለይ። በልጅነት የቶንሲል ሕመም ልቡ የተጎዳ በእኛ ትውልድ ብዙ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የገባላችሁ ወይም ከዚህ ቀደም የልብ ውስጥ ኢንፌክሽን የታመማችሁ ከሆነ ድዳችሁ ከመነካቱ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ ይገባችኋል፤ ይህ ሳይነገር የሚነካችሁን እጅ አስቁሙ። የታከመ ሰውም በየሦስትና በየአራት ወሩ ይታይ፤ በሽታው ተመላላሽ ነው።

የመጨረሻው የምለው ስለ መተኛታችን ነው። እጃችን ተንቀጥቅጦ ቡሩሽ መያዝ የሚያቅተን፣ አልጋ ላይ የምንውልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ልጆቻችን ገላችንን ያጥባሉ፣ ልብሳችንን ይቀይራሉ፤ አፋችንን ማጽዳት ግን እንዳለባቸው የነገራቸው የለም፤ ቢያውቁትም ያፍራሉ። አሁን በጤናችን ሳለን ቁጭ አድርገን እንንገራቸው፣ በእጃችንም እናሳያቸው። ጥርስ ባይኖርም ድዱንና ምላሱን ጠዋትና ማታ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲያጸዱን ቀና አድርገው ያስቀምጡን እንጂ በጀርባችን አያስተኙን፤ ሰው ሠራሹንም ጥርስ ማታ አውጥተው ቦርሸው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት።